ሣሩ የሚጠጣው ውሃ

ዛሬ ጁባ ውስጥ የአራት መናፈሻ ሣር በእኔ እጅ ነው። በአራቱም አንድ አንድ ጥቁር የውሃ ሮቶ በብረት እግር ላይ ቆሟል፤ በእያንዳንዱ ሮቶ ላይም የራስ ቅልና ሁለት አጥንት የተሳለበት ቀይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ክረምት ከበጋ አይወርድም። አበባ እርሻ የሠራ ሰው ቢያየኝ እንደሚሰድበኝ አውቃለሁ።

ሕጉ እንዲህ አይደለማ። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ቢሾፍቱ አጠገብ አንድ አበባ እርሻ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የርጭት ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ኬሚካል ስትረጭ ቀዩን ሰሌዳ ትሰቅላለህ፤ ሰዓቱ ሲሞላ ታወርዳለህ። ረጭተህ ሳትሰቅል አትሄድም፣ ሳትረጭም አትሰቅልም። ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ ቀን የማስተምረው ይህንኑ ነበር። ሰሌዳው አንድ ቀን ከዋሸ እውነቱን በተናገረ ቀን የሚሰማው አይኖርም፣ ያን ጊዜ ሬሳ ነው የምናወጣው እላቸው ነበር። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ ትክክለኛው ነገር ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

የመጀመሪያው መናፈሻ ከካስተም ገበያ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ውስጥ ነው። ቀድሞ ቆሻሻ የሚጣልበት፣ ፍየል የሚውልበት ገላጣ መሬት ነበር። አንድ የውጭ ድርጅት ለሰፈሩ ሕዝብ አረንጓዴ ቦታ አሠራለሁ አለ፤ እኔ የተቀጠርኩበት ኮንትራክተር ሥራውን ወሰደ፤ ሣሩና ችግኙ ለእኔ ተሰጠ። ሁለት የኳስ ሜዳ አያህልም። ዙሪያውን የሽቦ አጥር፣ ውስጡ ስምንት አግዳሚ ወንበር፣ በሩ አጠገብ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ። ከወንበሮቹ ላይ የተቀመጠ ሰው ከቆርቆሮ ጣሪያዎቹ በላይ የጀበልን ተራራ ያያል። እንደዚያ ባለ ሰፈር ውስጥ ሰው ቁጭ ብሎ ተራራ የሚያይበት ቦታ ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ይህን አሁንም አምናለሁ።

በድርጅቱ በኩል የምትቆጣጠረን ልዕልት የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ኢንጂነር ናት፤ ትንሽ ትናገራለች፣ ሁሉን ታያለች። ርክክቡ የመጋቢት የመጀመሪያው ቅዳሜ እንዲሆን ተቆረጠ። ያን ቀን ሣሩ ከለመለመ ሌሎቹንም ሦስት መናፈሻዎች እኔ እንደምይዝ፣ ካልለመለመ ግን ኮንትራቴ እንደሚዘጋ ቁርጡን ነገረችኝ። በአርባ ስድስት ዓመቴ ወደ ግሪንሃውስ ሙቀት መመለስ አልፈለግሁም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ያደረግሁት ለዚህ ነው፤ ሌላ የተደበቀ ምክንያት የለኝም።

በበጋ ጁባ ውስጥ ሣር ማብቀል እብደት ነው። ቦቴው በየሁለት ቀኑ ከወንዙ ቀድቶ እየመጣ ሮቶውን ይሞላልኛል። ሰፈሩ ግን ቧንቧ የለውም። ሴቶቹ ውሃ የሚገዙት በብስክሌት ተጭኖ ከሚመጣ ጀሪካን ነው፤ ያችኑ ለወጥም፣ ለልጅ ገላም፣ ለልብስም ያብቃቋታል። እንግዲህ እኔ በየጠዋቱ ጎማ ይዤ ያን ሁሉ ውሃ መሬት ላይ የማፈሰው በእነሱ ፊት ነው። መጀመሪያ አጥሩን ይዘው ዝም ብለው ያዩኝ ነበር። ከዚያ አንዷ በሽቦው ቀዳዳ ሾልካ ገብታ ቀዳች፤ በሳምንቱ አሥራ አምስት ሆኑ። ቧንቧውን ቆለፍኩት፤ ቁልፉን ሰበሩት። ዘበኛውን ላዶን እንዲከለክላቸው አዘዝኩት። ላዶ የሰፈሩ ሽማግሌ ነው፤ ግማሾቹን ሴቶች በልጅነታቸው ያውቃቸዋል፤ ሲመጡ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ቀትር ሳይደርስ ሮቶው ባዶውን ይቀራል። ሣሩ ከጫፉ ይነድ ጀመር። ሰው ሲጠማው ውሃ እንደሚቀዳ አልጠፋኝም፤ ግን የመጡት በእኔ ሣር ነበርና ጠላኋቸው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሴቶቹ አጥሩ ዙሪያ ተሰብስበው ሳለ፣ ከቢሾፍቱ ያመጣሁትን የርጭት ቱታ ለበስኩ። ጭንብሉን፣ የጎማ ጓንቱን፣ ቦቲውን ሁሉ አደረግሁ። ባልዲ ውስጥ አንድ ጣሳ የዱቄት ወተት በጠበጥኩ። መሰላሉን ቀስ ብዬ ወጣሁና፣ ሁሉም እንዲያይ ከፍ አድርጌ ይዤ፣ ሮቶው ውስጥ ደፋሁት። ወርጄ ቀዩን ሰሌዳ ሰቀልኩ። ከዚያ በምችለው የጁባ አረብኛ የሣር መድኃኒት መሆኑን፣ መርዝ መሆኑን፣ የጠጣው ሰው እንደማይተርፍ ነገርኳቸው። ከፊት ከቆሙት መካከል ሁለቱ የሚያጠቡ ነበሩ። ጭንብሌ ላይ የተረጨውን ወተት እያዩ ልጆቻቸውን ጥብቅ አድርገው ወደ ኋላ ሸሹ። ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ስቄያለሁ፤ አልዋሽም።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ማክሰኞ ትርዒቱን እደግመው ነበር። ሴቶቹ መምጣት ተዉ። ላዶም አምኖ ከሮቶው አጠገብ ማለፍ ፈራ፤ እጁን እንኳ እዚያ አይታጠብም። በወሩ ሣሩ ተመለሰ፣ ልዕልት አይታ ራሷን ነቀነቀች። ሦስት ወር ሙሉ ከዚያ ሮቶ ውሃ የቀዳው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በእኔ ፈቃድ።

ወሰንየለሽ በኒሙ ጥላ ሥር ሻይ የምትሸጥ የአገሬ ልጅ ናት። ሠላሳ ቢሆናት ነው። ሀሌሉያ የምትባል ልጇን ደሴ እናቷ ጋ ትታ፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ልትሠራ ነበር የመጣችው። ምግብ ቤቱ በሦስተኛው ወር ተዘጋ። እሷም ከሰል ማንደጃዋን፣ ሁለት ማንቆርቆሪያና አንድ ደርዘን ብርጭቆ ይዛ ኒሙ ሥር ተቀመጠች። አረብኛዋ «ሻይ»፣ «ሱካር»፣ «ታማም» ብሎ ያበቃል፤ የቀረውን በጣቷና በፈገግታዋ ትጨርሰዋለች። ዝንጅብልና ቀረፋ ስለማትሰስት የአካባቢው ግንበኛ ሁሉ እሷ ጋ ነው የሚጠጣው።

ያን የመጀመሪያ ማክሰኞ እሷም ጀሪካኗን ይዛ ከሴቶቹ ጋር ስታፈገፍግ አየኋት። ሰው ሲበተን ጭንብሌን አውልቄ ወደ እሷ ሄድኩና ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«ወተት ነው፤ አትፍሪ። ሰሌዳው ለእነሱ ነው። አንቺ ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይበዛ ቅጂ።»

ለአፍታ ደነገጠች፤ ከዚያ አፏን በሻርፗ ሸፍና ሳቀች። ለምን እንደነገርኳት ብጠየቅ የአገሬ ልጅ ስለሆነች ነው ብል ያምርልኛል። እውነቱ ግን ቸር መባል ስለምወድ ነው፤ በዚያ ላይ ያለ እሷ ሻይ ጠዋቴ አይጀመርም። ሮቶው ከበሩ በተቃራኒው ጫፍ ላይ ነው። ላዶ በሩን ሲጠርግ እሷ በጀርባ በኩል ቀድታ ትመጣለች። የመጀመሪያው ብርጭቆ የእኔ ነው፣ ሁለተኛው የላዶ። ላዶ ውሃው ከየት እንደመጣ አያውቅም። «አባባ ላዶ» እያለች ሦስት ማንኪያ ስኳር ትጨምርለታለች፤ እሱ በአገሩ ቋንቋ በባሪኛ አንድ ነገር ይላታል፣ እሷ በአማርኛ ትመልሳለች፣ ሳይግባቡ ይስቃሉ። ባየኋቸው ቁጥር ቅናት ቢጤ ይሰማኝ ነበር።

ርክክቡ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ምስጥ ገባ። መጀመሪያ አንድ ጥግ ላይ ሣሩ ገረጣ፤ ውሃ የጎደለው መስሎኝ አጠጣሁት። ሰኞ ልዕልት መጥታ በጫማዋ ጫፍ ገፋ ብታደርገው ሥሩ ተበልቶ ስለነበር እንደ ምንጣፍ ተነሳ። አልተቆጣችም። ቅዳሜ ከውጭም ከሚኒስቴሩም እንግዶች እንደሚመጡ አስታወሰችኝና ልትሄድ ስትል፣ በሩ ላይ ያለው የሻይ ዕቃ ለዚያ ቀን ብቻ ዞር ቢል ጥሩ ነው አለች።

ለዚያ ቀን ብቻ ነው ያለችው። እኔ ግን ረቡዕ ለወሰንየለሽ ስነግራት ለሁልጊዜ አደረግሁት። የመናፈሻውን ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በውስጡም ሆነ በበሩ መነገድ ክልክል ነው የሚለውን መስመር ማንም ሳያዘኝ ያስገባሁት ደንቡ ሞላ ያለ እንዲመስል ነበር። አሁን ጠቀመኝ። ከአርብ በኋላ እዚህ መቀመጥ እንደማትችል፣ ሌላ ጥላ እንድትፈልግ ነገርኳት። ብርጭቆ እያጠበች ነበር። እጇን አቆመች።

«ጋሽ ሠርፀ፣ ለሣር ወተት የምታጠጣ ሰው ለእኔ ይቺን ጥላ ነፈግከኝ?»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ላዶ ቋንቋው ባይገባውም ፊቷን አየ፤ ከዚያ ዞሮ እኔን አየ። እሱ ነው ያንገበገበኝ። በዘበኛዬ ፊት እንደ ሌባ ታየሁ። ያን ጠዋት ሻይ ሳልጠጣ ሄድኩ፤ በማግስቱም አልጠጣሁም።

ሐሙስ ጠዋት ካስተም ሄጄ ሙሔ ሱቅ ገባሁ። ሙሔ ዘርና የእርሻ መድኃኒት በጅምላ የሚሸጥ የወሎ ሰው ነው። የምስጥ መድኃኒት ሦስት ጠርሙስ ሰጠኝና በጀርባ ፓምፕ እየበጠበጥኩ ሥር ሥሩን እንድረጨው፣ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጨርሶ እንዳላስገባው ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀኝ። ይህን ሳስተምር የኖርኩ ሰው መሆኔን ነገርኩት። ተሳስቀን ተለያየን። በጀርባ ፓምፕ ያን ሁሉ ሣር ለማዳረስ ግን አራት ቀን ይፈጃል፤ ለርክክቡ የቀረኝ አንድ ቀን ተኩል ነው።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቱታዬን ለብሼ መሰላሉን ወጣሁና ሦስቱንም ጠርሙስ ሮቶው ውስጥ ገለበጥኩ። ውሃው ነጣ፤ ወተት መሰለ። ሰሌዳው ቀድሞውኑ ተሰቅሏል፣ የማደርገው የቀረ ነገር አልነበረም። ጎማውን ከፍቼ የሣሩን ግማሽ አጠጣሁ፤ ግማሹን ለነገ አቆየሁ።

ስወጣ ወሰንየለሽ ዕቃዋን እየሰበሰበች ነበር። መሰላሉ ላይ እንዳየችኝ አውቃለሁ። ቀና ብላ አየችኝና አቀረቀረች። በሁለት እርምጃ ርቀት አጠገቧ አለፍኩ። «ዛሬ እውነተኛ ነው፤ ነገ እንዳትቀጂ» ለማለት የሚፈጀው አንድ ትንፋሽ ነው። ግን መጀመሪያ እሷ ታናግረኝ አልኩ። ይቅርታ ትጠይቀኝ፣ ወይም ቢያንስ ደህና እደር ትበል። ጠዋት ሁልጊዜ ከእሷ ቀድሜ ስለምደርስ ያን ጊዜ እነግራታለሁ ብዬ ሄድኩ። እስከ በሩ ድረስ ትጠራኛለች ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ነበር።

ቤት ስደርስ ከልዕልት መልእክት ገብቷል፤ ነገ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል፣ ቢሮ እንድገኝ። አርብ ጠዋት በቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት ቢሮዋ ስሄድ ወሰንየለሽ ትዝ አለችኝ። ሻይዋን የምትጥደው በሁለት ሰዓት ነው፤ ስብሰባው አጭር ከሆነ እደርሳለሁ አልኩ። ስልክ ቁጥሯ ነበረኝ። ልደውል አሰብኩና ገና መንገድ ላይ ናት፣ ቆይ ብዬ ተውኩት። ካልዋሸሁ፣ ቀድሜ መደወሉ አሳፍሮኝ ነው።

ስብሰባው አጭር አልነበረም። ሁለት ፈረንጆች አሉ፣ ልዕልት ጎኔ ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ የሦስቱ አዳዲስ መናፈሻዎች ንድፍ ተዘርግቷል። ልዕልት ስለ እኔ በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ በዚህ በጋ በጁባ ለምለም ሣር ያየችው እኔ ጋ ብቻ መሆኑን፣ ምስጡን እንኳ ለርክክቡ እንደማስወግደው። ሰው ስለ እኔ እንደዚያ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ሰዓቴን አየሁ፤ ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። አሁን ቧንቧው ጋ ናት።

መደወል ነበረብኝ። ከወሰንየለሽ ጋር የማወራበት ቋንቋ ግን አማርኛ ብቻ ነው፤ ጎኔ የተቀመጠችው ሴት ደግሞ አማርኛ ትሰማለች። ውሃውን እንዳትቀጂ፣ መርዝ አለበት ብል፣ ሮቶ ውስጥ መርዝ መጨመሬንም፣ ሰሌዳው ሦስት ወር መዋሸቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ለልዕልት መንገሬ ነው። ስልኬን ከጠረጴዛው ሥር ይዤ መልእክት መጻፍ ጀመርኩ። «ዛሬ እንዳትቀጂ» ብዬ ጽፌ ልልከው ስል ልዕልት ወደ እኔ ዞራ ንድፉ ላይ ሮቶው የት ቢሆን እንደሚሻል ጠየቀችኝ። ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ተነስቼ በጣቴ አሳየኋቸው።

ለሽንት ብዬ መውጣት እችል ነበር። ማንም ሰው ከስብሰባ ለሽንት ይወጣል። አልወጣሁም። ሁለት ሰዓት ሲሆን አሁን ጥዳዋለች አልኩ፤ ሁለት ከሩብ ሲሆን ፈላ አልኩ። ሁለት ተኩል ላይ ግን ማሰብ ተውኩ፤ ምናልባት ዛሬ ተናዳ አልመጣችም፣ ምናልባት ሌላ ቦታ ሄዳለች እያልኩ ራሴን አረጋጋሁ። አራት ሰዓት ላይ ተጨባበጥን። ከቢሮው በር ላይ ቆሜ ያን ሁሉ ጊዜ ያልላክሁትን መልእክት አወጣሁና ከመላክ ይልቅ አጠፋሁት። ፈርቼ ነበር፣ የፈራሁት ግን ለእሷ አልነበረም።

ስደርስ ኒሙ ሥር ሰው ተሰብስቧል። ላዶ በጀርባው ተዘርግቶ ፊቱ ላይ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል። ጠዋት ምንም ሳይበላ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ነበር፤ መኪና ሳይገኝለት ሞተ። ሁለት ግንበኞች አጥሩን ይዘው ያስታውካሉ። ወሰንየለሽ ለራሷ ግማሽ ብርጭቆ ቀድታ ነበር፤ አንዷ ሴት ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ በቅጠል ታራግብላታለች። ምራቋ ይፈስሳል፣ ዓይኗ ያለቅሳል፣ እኔን ስታይ እጇን አነሳች።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ እሷ አይደለም፤ ወደ ሮቶው ነው። ሰሌዳው በቦታው አለ። ትንሽ ተንጋዶ ነበርና አቃናሁት። ከዚያ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩና የቀረውን ውሃ ሣሩ ላይ ለቀቅሁት። ማጠጣት የነበረብኝ ያ የቀረው ግማሽ ነበር።

ፖሊስ ሲመጣ እኔ አፌን መክፈት አላስፈለገኝም። ያው ውሃ የከለከልኳቸው ሴቶች ናቸው የመሰከሩልኝ። ሐበሻው ሦስት ወር ሙሉ በየሳምንቱ አስጠንቅቆናል፣ በዓይናችን ፊት ነው መድኃኒቱን የሚጨምረው፣ ሰሌዳውም ያውና አሉ። አንዷማ፣ የምታጠባው ልጇ አሁን መዳህ የጀመረ፣ እኔን እየጠቆመች ይህ ሰውዬ ባይከለክለን ኖሮ ዛሬ ሁላችንም እንደ ላዶ ነበርን አለች። ቀርባም እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። እጄን አልነጠቅኋትም።

ርክክቡ ቅዳሜ በሰዓቱ ተካሄደ። ለላዶ አንድ ደቂቃ ቆመን ጸለይን። ሣሩ አረንጓዴ ነበር፤ እንዲያውም እንደዚያን ቀን ያማረበት ጊዜ የለም፣ ምስጡ አልቋል። ኒሙ ሥር ማንም አልተቀመጠም። ወሰንየለሽ እስር ቤት ናት፤ ሰው የሞተበትን መርዝ እያወቀች በመሸጥ ነው የተከሰሰችው፤ ከዚያም ወደ አገሯ ትመለሳለች ይላሉ። ይህ ሁሉ የሆነው አርብ ከሰዓት ሆስፒታል ውስጥ እኔ በተናገርኩት ምክንያት ነው፤ እሱን ገና አልተናገርኩም።

ሐኪሙ እንደምትተርፍ ነገረን። ፖሊሱ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ አልጋዋ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቃሏን መቀበል ይፈልጋል፤ እሷ አረብኛ አትችልም፣ እሱ አማርኛ አይችልም። ዙሪያውን ቃኘና እኔን አየ። የአገሯ ሰው አይደለህም ወይ፣ በል አስተርጉምልኝ አለ። እምቢ ማለት ይቻል ነበር። ከኤምባሲ ሰው እንዲጠራ መጠየቅም ይቻል ነበር። እኔ ግን ወደ አልጋው ጠጋ አልኩ።

ወሰንየለሽ ስታየኝ ፊቷ ተፈታ። እጄን ያዘችኝ፤ እጇ እርጥብ ነበር። ስለ ላዶ ጠየቀችኝ። አረፈ አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ቀስ እያለች፣ ትንፋሽ እየወሰደች ተናገረች።

«እውነቱን ንገርልኝ ጋሽ ሠርፀ። ወተት ነው፣ ሰሌዳው ውሸት ነው፣ ቅጂ ያልከኝ አንተ ነህ። ትናንት ሌላ ነገር ጨምረህበት ከሆነ ረስተህ ነው፤ ሰው ይረሳል። እንደረሳህ ንገራቸው። እኔ አባባ ላዶን አልገድልም።»

ፖሊሱ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ ያየኛል። በአረብኛ እንዲህ አልኩት፤ ሰሌዳውን አይታለች፣ መርዝ መሆኑንም ታውቃለች፣ ግን ሲፈላ የሚጠፋ መስሏት ነው ትላለች። ይህን ስል ያዘንኩላት መሰለኝ። ሲፈላ የሚጠፋ መስሏት ነው ማለት እኮ ክፉ ሰው አያሰኛትም፣ አላዋቂ ነው የሚያሰኛት።

ፖሊሱ ጻፈ። ከዚያ ውሃውን እንድትቀዳ የፈቀደላት ሰው እንዳለ ጠይቅልኝ አለ። ወደ እሷ ዞርኩ። ይህን ጥያቄ በአማርኛ ብጠይቃት በጣቷ እኔን እንደምትጠቁም፣ ጣት ደግሞ አስተርጓሚ እንደማይፈልግ ገባኝ።

«ልጅሽ የት ናት ይልሻል» አልኳት።

ፊቷ ተሰበረ። «እናቴ ጋ ናት፤ ደሴ። ማንም የላትም በለው፤ ከእኔ በቀር ማንም የላትም» ብላ አለቀሰች። ራሷን ወዲያና ወዲህ እየነቀነቀች አለቀሰች።

«ማንም አልፈቀደላትም» አልኩት።

ፖሊሱ እንባዋን አይቶ ድምፁን አለሰለሰ። ደግ ሰው ነው። ስላለቀሰች ጥፋቷን እንዳመነች አድርጎ እንደሚጽፍላት፣ ዳኛው ይህን እንደሚያይላት ነገረኝ። ወረቀቱን አዙሮ ሰጣት። በእንግሊዝኛ ነበር የተጻፈው። የማታነበውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ተከተለችና ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

«ያልኩህን ሁሉ ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው።»

ሙሉ ስሟን በአማርኛ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለየች ጻፈች። እስክሪብቶውን ስትመልስልኝ እጄን አልለቀቀችም።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሽ ሠርፀ። አንተ ባትኖር በማን አፍ እናገር ነበር?»

ከስሟ በታች፣ የአስተርጓሚ ስም በሚለው መስመር ላይ፣ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።